ለሙቱንጎው ቤት የሚሆን ራውተር

ካምፓላ፣ ሙቱንጎ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተሚካኤል፤

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤና ያግኝዎ። እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። የዘመዳችን የእትዬ ጸሐይነሽ ተዝካር ላይ ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ይህን ያህል ሳልጽፍ መቆየቴ ያሳፍረኛል። ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ አይሰማም፤ አጭር መልእክት እንዳልልክ ደግሞ ቁርጥራጭ ወሬ እንደማይወዱ ነግረውኛል። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈ። አሁን መቅዲ የምትባል ጎረቤት አግኝቻለሁ። አየር መንገድ ትሠራለች፤ በወር አንዴ ሁለቴ አዲስ አበባ ስለምትመላለስ ደብዳቤውን ኮተቤ ቤትዎ ድረስ ታደርስልኛለች።

ጉዳዬ ይኸውልዎ። ቤታችን የነበረውን ኢንተርኔት ያስገባው የባለቤቴ የደሬሳ መሥሪያ ቤት ነበር። ዕቃውን መልሰው ወስደውታል። አሁን ኮረብታችን ላይ የፋይበር መስመር ስለመጣ በራሴ ስም ላስገባ ነው። ኩባንያው መስመሩን እስከ ቤት ያመጣል፤ ራውተሩን ግን ከፈለግሁ ራሴ መግዛት እችላለሁ ተብያለሁ። ኪሰንዪ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ሲም ካርድ የሚጎርስ ነው። አንዱ ሁለት ሦስት ዕቃ ለየብቻ ተገዝቶ የሚገጣጠም ነው። ሦስተኛው ሁሉንም በአንድ ሣጥን የያዘ ነው። ግራ ገብቶኝ ሳልገዛ ወጣሁ። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ መሥሪያ ቤት የሠሩ ሰው ነዎትና ምክርዎን እፈልጋለሁ።

የምፈልገው ለሥራዬ ብቻ እንዳይመስልዎ። ተዝካሩ ላይ ከድንኳኑ ወዲያ ማዶ ሆኜ ለአክስቴ ልጅ «ጋሼ ከስቷል» ብዬ ሳንሾካሹክ፣ እርስዎ ከወዲህ ማዶ «አልከሳሁም፣ ኮቱ ሰፍቶኝ ነው» ያሉኝን አልረሳሁትም። ከንፈር እንዲህ የሚያነቡ ከሆነ በቪዲዮ መነጋገር እንችላለን ማለት ነው። ግን ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከቆመ አይነበብም። ስለዚህ ጥሩ ነገር መግዛት እፈልጋለሁ።

ደሬሳና ልጃችን ሚልኪያስ ሰላም ይሉዎታል። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ምስጢር


አዲስ አበባ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ምስጢር፤

የላክሽው ሰላምታ ደርሶኛል። የአምላክ ጥበቃ ከአንቺና ከቤተ ሰብሽ አይለይ። እኔ ደኅና ነኝ። ጆሮዬ እንደተወኝ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይሠራል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሥራ የጠየቀኝ ሰው ከተገኘ ስንት ዘመኑ ነው። የእኔ ሥራ የመዳብ ሽቦ ነበር፤ የእናንተው ብርሃን ነው። ቢሆንም እዚህ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ስላለው ሁለት ቀን ተቀምጬ አነበብኩ። አሁን የማውቀውን ልንገርሽ።

ሁሉን በአንድ የያዘው የሚባለው ሦስት ሠራተኛ በአንድ ክፍል ማለት ነው። አንደኛው በመስታወቱ ክር የሚመጣውን ብርሃን ይቀበላል። ሁለተኛው ለየዕቃው ያከፋፍላል። ሦስተኛው ያለ ሽቦ በቤቱ ውስጥ ይበትነዋል። ለየብቻ ብትገዢ ሦስት መሰኪያ፣ ሦስት ሽቦ፣ ሲበላሽም የትኛው እንደሆነ ፍለጋ ነው። ባንዱ ሣጥን ከሆነ ይቀላል። ጉዳቱ አንዱ ሲታመም ሦስቱም አብረው መተኛታቸው ነው። ለተራ መኖሪያ ቤት ይህ ይበቃል። ሲም የሚጎርሰውን ተዪው፤ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ይደክማል።

ነገር ግን ከመግዛትሽ በፊት የምትገዢውን ሞዴል ጽፈሽ ለኩባንያው አሳዪ። በመስመራቸው ላይ እንደሚሠራ አረጋግጪ። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚያስፈልግ ከሆነም በወረቀት ይስጡሽ። ሻጭ ትልቁን ውሰጂ ማለቱ አይቀርም። ከአሥር ዕቃ በታች ለሚያያዝበት ቤት መካከለኛው ከበቂ በላይ ነው። ስንት ዕቃ እንደሚያያዝ፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ ጻፊልኝ።

የቪዲዮው ነገር ይቆየን፤ መጀመሪያ ያንቺ ይስተካከል። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቤቴ ጥገና ስለያዘው ከእንግዲህ መቅዲ ደብዳቤውን እዚህ ከማምጣት ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ትስጥልኝ። እኔም መልሴን እዚያው እተዋለሁ። መልካም ልጅ ናት፤ ከበር መልሼያታለሁና ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሀብተሚካኤል


ካምፓላ፣ ሙቱንጎ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ጥገናው አለቀ? በብርድ ወቅት ቤት ማፍረስ ከባድ ነው፤ ጤናዎን ይጠብቁ።

ራውተሩን ገዛሁ። ቅዳሜ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ኪሰንዪ ወረድኩ። ባለሱቋ ተስኒም ትባላለች፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ከደንበኞቿ ጋር በሉጋንዳ ስትከራከር ቆይታ ወደኔ ስትዞር አማርኛዋ ይለሰልሳል።

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነው?» አለችኝ።

«ሦስት» አልኳት።

«ልጅ አለ?»

«አለ፤ ትልቅ ነው።»

«እንግዲያው ጌም ይጫወታል፤ ይኼን ውሰጂ» ብላ ስድስት አንቴና ያለውን ከመደርደሪያው አወረደችው። የእርስዎን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሻጭ ትልቁን ውሰጂ ማለቱ አይቀርም የሚለውን አነበብኩላት። ሣቀች። «አጎትሽ ሱቅ ቢከፍት ይከስር ነበር» አለችና መካከለኛውን ሰጠችኝ። ሞዴሉን ለኩባንያው አስቀድሜ አሳይቼ ነበርና ይሠራል ብለውኛል።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ሠራተኞች መጥተው መስመሩን በወጥ ቤቱ መስኮት አስገብተው ሣጥኑን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡት። መብራቶቹ በሩ፣ ፈርሜ ሄዱ። ኢንተርኔቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆን ይበርራል። ኮሪደሩ ላይ ይዳከማል፤ መኝታ ቤት ስገባ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ወንበር ወስጄ ወጥ ቤት እየሠራሁ ነው። የቢሮ ስብሰባም እዚያው፣ ምሳም እዚያው።

ለጠየቁኝ፦ ሦስት መኝታ ቤትና ሳሎን ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ብሎኬት። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። የሚያያዘው አምስት ዕቃ ነው፤ የእኔ ስልክና ኮምፒውተር፣ የደሬሳ ስልክ፣ የሚልኪያስ ኮምፒውተር፣ ቴሌቪዥኑ።

ደሬሳ ለሥራ ብዙ ጊዜ ውጭ ነው፤ ስለዚህ እኔው ነኝ የምታገለው። በዝርዝር ይጻፉልኝ፤ እንደ ጀማሪ ሠራተኛ ይቁጠሩኝ።

ምስጢር


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስጢር ልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሴ ዘገየ። ትንሽ ብርድ መትቶኝ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መሄድ አልቻልኩም ነበር። አሁን ድኛለሁ።

ሣጥኑን ማቀዝቀዣ ላይ ያስቀመጡት ሰዎች ለመሄድ ቸኩለው ነው። ወጥ ቤት ብረት፣ ውኃና ማይክሮዌቭ የሞላበት ነው፤ ሦስቱም ሞገዱን ይበሉታል ወይም ይረብሹታል። ቦታው የቤቱ መካከል ነው፤ ኮሪደሩና ሳሎኑ የሚገናኙበት፣ ከወለል ከፍ ብሎ በሰው ቁመት አካባቢ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያልተዘጋበት። የመስታወቱን ክር ራስሽ እንዳትጎትቺው፤ በጣም ከታጠፈ ይሰበራል። ኩባንያውን ጥሪና እነሱ ያዙሩት። ሲመጡ አጠገባቸው ቁሚ።

ከዚያ ኮምፒውተርሽን አያይዢና ከሣጥኑ ጀርባ የተጻፈውን አድራሻ ክፈቺ። የሚጠይቅሽ ስምና የይለፍ ቃልም እዚያው ጀርባ ላይ ነው። መጀመሪያ የምታደርጊው እሱን መለወጥ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠውን ሌባውም ያውቀዋል። ይህ የሣጥኑ ቁልፍ ነው። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ አታድርጊ። ለዋይፋዩ ስም ስጪው፤ የራስሽን ስም ወይም የቤት ቁጥርሽን ግን አታድርጊ። አፕዴት የሚሉት ማደሻ ካለ ይውሰድ፤ እስኪጨርስ አታጥፊው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ያለ ይለፍ ቃል የሚያገናኘውን መንገድ ዝጊው። ሁለት ዓይነት ሞገድ ታያለሽ፤ አንዱ ዝግ ብሎ ግድግዳ ያልፋል፣ አንዱ ፈጥኖ ቅርብ ላይ ይቀራል። ለቪዲዮ ከሣጥኑ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሆነሽ ፈጣኑን ተጠቀሚ። መብራት ስለሚጠፋ፣ ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ይሸጣል፤ ያቺን ጠይቂ።

ሁሉን ስትጨርሺ የተያያዙትን ዕቃዎች የሚዘረዝር ገጽ አለ። ዝርዝሩን ገልብጠሽ ላኪልኝ። ጎረቤት ገብቶበት እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ።

ከተቻለሽ የሱፍ ካልሲ ሁለት ጥንድ ላኪልኝ። አንደኛው ቁጥሩ ከእኔ ከፍ ያለ ይሁን።

ሀብተሚካኤል


ካምፓላ፣ ሙቱንጎ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተሚካኤል፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ፤ ለጥምቀቱም በጤና ያድርስዎ።

ሠራ። ከየት እንደምጀምርልዎ አላውቅም። ካትዌ ሄጄ አንድ ብረት ሠራተኛ ትንሽ መደርደሪያ በየደልኝ፤ ኮሪደሩና ሳሎኑ መገናኛ ላይ ከራሴ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። የኩባንያው ሰዎች ሲመጡ አጠገባቸው ቆምኩ። አንደኛው «እመቤቴ፣ እዚህ ይሁን ብሎ ማን ነው የነገረሽ?» አለኝ። «መሐንዲሴ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ቡሎን እያሳየኝ ነው የሠራው።

ቀሪውን ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ተቀምጬ ደብዳቤዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሠራሁት። ማደሻውን ሲወስድ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ምንም ሳያሳይ ቆየ። የገደልኩት መስሎኝ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆሜ ስጠብቅ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ለዋይፋዩ ያወጣሁለት ስም «ብልሽት» ነው፤ የእርስዎን የሥራ ክፍል አስቤ። አሁን መኝታ ቤትም ይደርሳል። ትንሿን ባትሪም ገዝቻለሁ።

ዝርዝሩ ይኸውልዎ፤ ሁለት ናቸው። አንደኛው የእኔ ስልክ፣ ሁለተኛው የእኔ ኮምፒውተር። ሌባ የለም።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ለመቅዲ አንድ ታብሌት ሰጥቻታለሁ። ደብዳቤውን ከካልሲዎቹ ጋር ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ትሰጣለች። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ፣ ጥር 18፣ አሥር ሰዓት ላይ ግን ራሷ ቤትዎ መጥታ ከፍታ ታገናኘናለች። የአቧራው ነገር አያስጨንቅዎ፤ ጥገናው ባያልቅም ግድ የለኝም።

የናፈቀችዎ ምስጢር


አዲስ አበባ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስጢር፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ያገኘሁት ትናንት ነው። ያልሽው እሁድ አልፏል። መቅዲ ሄዳ ከሆነ በከንቱ አድክሜያታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ። ታብሌቱ እናንተው ዘንድ ይቆይ። ቤቱ ለእንግዳ አይመችም።

ሥራሽ ግን አኩርቶኛል። አብሬው የሠራሁት አንዳንድ ባልደረባ እንኳ ይህን ያህል አያነብም ነበር።

አሁን የምጽፈውን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ኅዳር ላይ አምስት ዕቃ አልሽኝ። የላክሽልኝ ዝርዝር ሁለት ነው። ቴሌቪዥን ሳይከፈት ሊሆን ይችላል። ልጁ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ሣጥኑ ግን አንዴ የገቡትን ሁሉ ያስቀምጣል፤ በዚያ ሁሉ ሳምንት የደሬሳ ስልክ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ ቢሆን በዝርዝሩ ላይ ስሙ ደብዝዞ ይቀመጥ ነበር። ሁለታችን በተጻጻፍነው አምስት ደብዳቤ ውስጥ ደሬሳ ሰላም ብሎኛል፣ ደሬሳ ሥራ ሄዷል፤ ደሬሳ የሣቀበት ወይም የተቆጣበት አንድም ቦታ የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ብልሽት ስፈልግ ኖሬያለሁ። የሰው ቤት መግባት ግን ሥራዬ አልነበረም። መመለስ ካልፈለግሽ ይህን ገጽ እንዳላየሽ ቁጠሪው፤ ስለ ራውተሩ ብቻ እንጻጻፋለን።

ካልሲዎቹ ልክ ናቸው። ሁለቱም።

ሀብተሚካኤል


ካምፓላ፣ ሙቱንጎ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

በሰላም ያግኝዎ።

ደሬሳ ከሄደ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆነው። አዲስ አበባ አይደለም፣ ጁባ አይደለም፤ እዚሁ ኢንቴቤ ነው። ለሥራ ቅርብ ስለሆነ ክፍል ልከራይ አለኝ፤ ሻንጣውን ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁለት። ሌላ ትዳር መያዙን የሰማሁት ከሰው ነው። አልተጣላንም። ተጣልተን ቢሆን ቢያንስ የምናገረው ነገር ይኖረኝ ነበር። ሚልኪያስ ቱርክ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። «ሰላም ነኝ እማ» ብሎ ይጽፍልኛል፤ እኔም «ተመስገን» እለዋለሁ። አባቱ መሄዱን ያውቃል፤ እንዴት እንደምኖር ግን አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።

ለተስኒም ሦስት ያልኳት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከአፌ ወጣ። ለእርስዎም አምስቱን ስዘረዝር አልተቸገርኩም፤ ከደሬሳ ስልክ በቀር ዕቃዎቹ ስላሉ። የሚልኪያስ አሮጌ ኮምፒውተር አልጋው ላይ እንደተዘጋ አለ። ዝርዝሩን ስገለብጥልዎ ደግሞ ደስ ብሎኝ ስለነበር ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አላሰብኩም።

ኑሮዬ ይህን ይመስላል፤ መሥሪያ ቤቴ ከቤት ሥሩ ካለን ወዲህ ሰኞ የዘጋሁትን በር ዓርብ የምከፍትበት ጊዜ አለ። ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ የምትሸጠዋ ሴት ከአንድ እጅ በታች አትሸጥም፤ ግማሹ ሳይበላ ይጠቁራል። ከበረንዳው ሐይቁ ይታያል። ለሰው «አየኸው?» የምለው ነገር ሲኖር ዞር እላለሁ።

አንድ ደብዳቤዎ ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ይበቃኝ ነበር። ስለ ብሎኬት ግድግዳ የጠየቀኝ ሰው ስለነበረ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። መቅዲ ያን እሁድ ቤትዎ ሄዳ ነበር። ጣሪያ የለም፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ጎረቤቱ «ጋሽ ሀብቴማ ከኅዳር ጀምሮ እዚህ የሉም» አላት። ታብሌቱን ይዛ ተመለሰች። ሰማሁና ሁለት ቀን ተናደድኩብዎ፤ ከዚያ ናፍቆት ሆነብኝ። ከበር የሚመልሱኝ እንግዳ ነኝ እንዴ? የት ነው ያሉት፣ ጋሼ?

ምስጢር


አዲስ አበባ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጢር፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ስለ ደሬሳ የምለው የለኝም። ሻንጣውን አንቺ ማዘጋጀትሽን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ግቢውን ዞሬ መጣሁ።

ያለሁት በአረጋውያን መኖሪያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የተከራየሁትን ቤት ባለቤቱ ሲሞት ወራሾቹ ሸጡት። ክፉ አልሠሩብኝም፤ አራት ወር ጊዜ ሰጥተውኛል። በጡረታዬ ሌላ ቤት ፈልጌ አጣሁ። መቅዲ የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ስታመጣ ዕቃ እያሰርኩ ነበር፤ ከበር የመለስኳት ለዚህ ነው። ከዚያ ጥገና ነው አልኩሽ። የት ነህ የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ አንቺ ደግሞ የምታውቂው ሀብተሚካኤል የራሱ በር ያለው ነበር። እሱ ይቆይልሽ ብዬ ነው።

ክፍላችን ሦስት አልጋ አለው፤ አንዱ ባዶ ነው። ሌላው የያሕያ ነው። የከሚሴ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዓይኑ ፈዝዞ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ትልቁ ካልሲ የእሱ ነው። ደወል ሲደወል እሱ ሰምቶ እጄን ይነካኛል፤ ደረጃ ሲኖር እኔ አይቼ ክንዱን እይዛለሁ።

አሁን ስለ ሥራችን። እዚህ ኢንተርኔት አለ፤ ግን ክፍላችን አይደርስም። ቢሮ ሄጄ ራውተሩ የት ነው ብል በብረት ካዝና ውስጥ ቆልፈውበታል። እንዳይሰረቅ ነው። ፌኒ ለምትባለው ጸሐፊ ብረት ሞገድ እንደሚይዝ በወረቀት ሥዬ አስረዳኋት። አላመነችም። «እስቲ ለአንድ ቀን» ብዬ አስወጣሁትና ከካዝናው ላይ አስቀመጥነው። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ሦስት ሠራተኞች ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። እኔም ቢሮው ውስጥ ወንበር ተፈቅዶልኛል።

መቅዲ ትምጣ። አድራሻው በሌላው ወረቀት ላይ አለ። መጋቢት 21፣ እሁድ፣ አሥር ሰዓት። መስኮቱን ከኋላሽ አታድርጊ፤ ፊትሽ ይጨልምብኛል። ቀስ ብለሽ ተናገሪ።

ሀብተሚካኤል


ካምፓላ፣ ሙቱንጎ
መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንዴት አደሩ? ካየሁዎት ሁለት ቀን ሆነኝ፤ ይህን መጻፍ መቻሌ ራሱ ይገርመኛል።

እውነቱን ልናገር፤ በጣም ከስተዋል። ኮቱ ሰፍቶ አይደለም። ያሕያም ከጎንዎ ሆነው ወዳልሆነ አቅጣጫ እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ፣ መቅዲ ትከሻቸውን ይዛ ወደኔ ስታዞራቸው አየሁ። ምስሉ አንድ ጊዜም አልቆመም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ተነጋገርን። ምን በላሽ አሉኝ፤ ሩዝ አልኩ፤ «ያለ ምን?» አሉኝ። ድፍን ዓመት እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ተናግሬ ነበር። ከንፈሬ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አልያዙትም። «ደግሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ዓይንዎን አጥብበው ወደ ታብሌቱ ተጠጉ፤ «እንደገና» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ አቃተኝና «ምንም አይደለም» አልኩ። እሱን ወዲያው አነበቡት።

ያልኩት ይህ ነው፦ ይምጡና ከእኔ ጋር ይኑሩ።

አስቤበት ነው። የሚልኪያስ ክፍል ፀሐይ ይገባዋል። ደረጃ የለውም። ሐኪም ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። እሁድ እሁድ የአገራችን ሰዎች እንሰባሰባለን። የሚያስቸግሩኝ እንዳይመስልዎ፤ የምለምነው እኔ ነኝ። ቤቱ ለአንድ ሰው በጣም ትልቅ ነው። መልስዎን በቪዲዮ አይንገሩኝ፤ ይጻፉልኝ።

ምስጢር


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምስጢር፤

ትንሣኤውን በደስታ ያሳይሽ። ደብዳቤሽን ፌኒ ናት ያመጣችልኝ፤ መቅዲ በር ላይ ሰጥታት። ሳነብ አጠገቤ ስለቆመች ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

አልመጣም። ይህን ቃል መጀመሪያ የጻፍኩት እስከ መጨረሻው ተስፋ አድርገሽ እንዳታነቢ ነው።

አገር ለቅቄ መሞት ፈርቼ አይደለም። ጠዋት ተነሥቼ የፀሐይ ክፍሉን አሰብኩት፤ ሐይቁንም። ሻንጣዬንም ከአልጋ ሥር አውጥቼ አየሁት። ያን ዕለት ያሕያ ብቻውን መታጠቢያ ቤት ሊሄድ ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን ባልዲ መታውና ወደቀ። ጉዳት የለውም፤ ጉልበቱ ተላጠ። ግን ቁጭ ብሎ የት ነህ እያለ ይጠራኝ ነበር አሉ። እኔ ደግሞ አልሰማም። ክፍል ውስጥ ሻንጣ እያየሁ ተቀምጬ ነበር። እኔ ብሄድ አንቺ ሰው ታገኛለሽ፤ እሱ ያጣል። አንቺ ሰው አያስፈልግሽም ማለቴ አይደለም። አንቺ ዓይን አለሽ፣ ጆሮ አለሽ፣ በር ከፍተሽ መውጣት ትችያለሽ። ከዓርብ በፊት ውጪ። እሁድ የሚሰበሰቡት ሰዎች ዘንድ ሂጂ፤ እኔን ስትፈልጊ ብቻ ሳይሆን።

ለሚልኪያስ ጻፊለት። ተመስገን ብቻ አትበዪው። ምን በላህ በዪው።

ሐምሌ ላይ የዓመት ፈቃድ እንዳለሽ በቪዲዮው ነግረሽኛል። ነይ። ጥየቃ ቅዳሜና እሁድ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ነው። አልጋ ስለማይሰጡ ማደሪያ ከተማ ትይዢያለሽ። ለያሕያም ነግሬዋለሁ፤ ድምፅሽን እሱ በቅርበት ይስማና ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግረኛል፤ ለዓመታት ያልሰማሁት ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ኅዳር ላይ እዚህ ስገባ የሞሉልኝ ቅጽ አለ። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ላይ «የለም» በሉ ብያቸው ነበር። ትናንት ቢሮ ሄጄ አስተካክሉልኝ አልኩ። ፌኒ ስምሽንና ስልክሽን ጻፈች፤ ከዚያ ዝምድናዋ ምንድን ነው አለችኝ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት ብዬ ጀመርኩ፤ አክስቴ ማን እንደነበረች፣ እናትሽ ከእኔ ጋር አንድ ቤት እንዳደገች፣ እናትሽ ስትሞት አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ እንደነበረ። ብዕሯን ይዛ እስክጨርስ ጠበቀች። ቦታው ጠባብ ነው። ወረቀቱን ስትመልስልኝ «ልጅ» ተብሎ ተጽፏል።

ይታረም አላልኩም። ፈርሜ ወጣሁ።

ሀብተሚካኤል